ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ሲደርስ፦ ለሞዴል ባቡር ትንንሽ ካሜራ አመራረጥ

በምድር ቤቴ ያለው የሞዴል ባቡር ጠረጴዛ ባለ ሁለት ፎቅ ነው ማለት ይቻላል። ላዩ ላይ ተራራ፣ ድልድይ፣ ጣቢያና ገበያ አለ፤ ሥሩ ደግሞ ስድስት ሐዲዶች ጎን ለጎን የተዘረጉበት፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ባቡሮች የሚያድሩበት ድብቅ ማቆያ ነው። መቆጣጠሪያውን ይዤ ከምቆምበት ቦታ ከስድስቱ አንዱም አይታየኝም። ለረጅም ጊዜ፣ ባቡር ወደዚያ በላክሁ ቁጥር በእጅ ባትሪ እየተንበረከክሁ አይ ነበር። ጉልበቴ ሲያምፅ ካሜራ ገዛሁ።

የገዛሁት ስለ ምስል ጥራቱ ሳጥኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈለት፣ በዋይፋይ የሚሠራ የቤት መጠበቂያ ካሜራ ነበር። እውነትም ምስሉ ያምራል፤ የፉርጎዎቹ ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ መጨረሻ ግማሽ ስንዝር ሲቀረው አይቼ አቆምሁት። በዚያው ቅጽበት ከጠረጴዛው ሥር የፕላስቲክ ስብራት ድምፅ ሰማሁ። ግጭቱን ራሱን ያየሁት ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው፤ በጣም ጥሩ ጥራት ባለው ምስል።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ስመርጥ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ቅደም ተከተላቸው ተገለበጠ። መጀመሪያ ምስሉ ምን ያህል ይዘገያል? ቀጥሎ ከምን ያህል ቅርበት ጥርት አድርጎ ያሳያል? ከዚያ በተመደበለት ቦታ ይገባል ወይ? ኤሌክትሪኩንስ ከየት ያገኛል? ሜጋ ፒክስል የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከዚያ ድረስም አልደርስም።

1. የሚቆም ነው ወይስ የሚጓዝ?

ከሁሉ በፊት ይህን ይወስኑ። የሚቆም ካሜራ በድብቅ ማቆያው፣ በዋሻ ውስጥ ወይም ባቡሩ እየተጠማዘዘ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው በሚወጣበት ቦታ ይተከላል። ሥራው ጥበቃ ነው። ገመድ ቢኖረውም፣ መጠኑ የቡና ስኒ ቢያክልም ችግር የለም። የሚጓዝ ካሜራ ደግሞ በሎኮሞቲቩ ውስጥ ወይም ከፊት በሚገፋ ፉርጎ ላይ ተጭኖ የሾፌሩን ዕይታ ያመጣልዎታል። እሱ ገመድ አይኖረውም፤ ክብደቱ በግራም፣ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ካሜራ ልሥራ ያለ ሰው አንዱንም በደንብ አያገኝም።

አብዛኞቻችን የምንጓጓው ለሚጓዘው ነው፤ የሚያስፈልገን ግን የሚቆመው ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ ከበቃ የሚቆመውን ይግዙ።

2. መዘግየቱን ወደ ሴንቲ ሜትር ይለውጡ

ሻጮች መዘግየትን የሚናገሩ ከሆነ በሚሊ ሰከንድ ነው፤ ብዙዎቹ ጭራሽ አያነሡትም። እኛን የሚጠቅመን በዚያች ጊዜ ውስጥ ባቡሩ ምን ያህል እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የእውነተኛውን ባቡር ፍጥነት ለሞዴሉ መጠን ያካፍሉ። በኤች ኦ መጠን፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንስበት በ1:87፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ጠረጴዛው ላይ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በኤን፣ በ1:160፣ ይህ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። አሜሪካውያን በሚጠቀሙበት የኦ መጠን፣ በ1:48፣ ወደ 35 ይጠጋል። ባቡሩ ወደ ማቆያው ሲገባ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያዘግም እንኳ በኤች ኦ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የእኔ ካሜራ ሁለት ሰከንድ ይዘገይ ስለነበር 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ያቺ ግማሽ ስንዝር የሄደችው በዚህ ነው።

የማንኛውንም ካሜራ መዘግየት ቤትዎ ውስጥ ያለ ልዩ መሣሪያ መለካት ይችላሉ። በአንድ ስልክ ላይ የሩጫ ሰዓቱን አስነሥተው ካሜራው ፊት ያቁሙት። የካሜራውን ምስል የሚያሳየውን ስክሪን ከዚያ ስልክ ጎን ያድርጉ። በሌላ ስልክ ሁለቱን በአንድነት ፎቶ ያንሡ። በፎቶው ላይ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት መዘግየቱ ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ዋይፋይ ጠባዩ ስለሚለዋወጥ አሥር ጊዜ ያንሡና አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የከፋውን ይያዙ።

እኔ ለሚቆም ካሜራ ከግማሽ ሰከንድ በላይ አልቀበልም። የካሜራውን ምስል ብቻ እያዩ ለመንዳት ካሰቡ ደግሞ ከ0.2 ሰከንድ በታች ይፈልጉ። ገመድ ያላቸው የአናሎግ ካሜራዎችና የድሮን እሽቅድድም ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ኤፍ ፒ ቪ የሚባሉት ይህን ያለ ጭንቀት ያሟላሉ። ምስሉን መጀመሪያ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ማዕከል ልኮ ከዚያ ወደ ስልክዎ የሚመልስ ካሜራ ግን አያሟላም። ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ሌላ አገር ዞሮ የሚመጣ ምስል ባቡር አያስቆምም። በዚያ ላይ የቤትዎን ውስጥ የሚያሳይ ካሜራ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ከሆነ ሌላም ጥያቄ ያስነሣል፤ ከገዙት ቢያንስ አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀይሩ።

3. ቅርቡን ያያል ወይ?

የቤት መጠበቂያ ካሜራ የተሠራው በር ላይ የቆመ ሰው ለማየት ነው። የእኛ ዓለም ግን ከሌንሱ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጀምራል። ሌንሱ የማይስተካከል ከሆነ ሩቁ ግድግዳ ጥርት ብሎ ይታይና ከፊት ያለው ሐዲድ ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ካሜራው ጥርት አድርጎ የሚያሳይበትን አነስተኛ ርቀት ይጠይቁ። ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ ለምትባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር የተሠራው ሦስተኛው ካሜራ ራሱ የሚያስተካክል ሌንስ አለው፤ መደበኛው ከ10 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊ ማዕዘን ያለው ደግሞ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ጥርት አድርጎ ያሳያል።

የማይስተካከለውም ተስፋ አይቆረጥበትም። የብዙዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሌንስ እንደ ብሎን የተጠመዘዘና በጠብታ ሙጫ የተያዘ ነው። ሙጫውን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለው ያንሡት። የታተመ ጋዜጣ ከሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያቁሙና ምስሉን እያዩ ሌንሱን ወደ ግራ፣ እንደሚፈታ ብሎን፣ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት። ፊደሎቹ ሲነበቡ ያቁሙ። ብዙ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥም። በኃይል ካዞሩት ሌንሱን የያዘው ቤት ይሰነጠቃል፤ አንድ ካሜራ እንዲህ ገድያለሁ።

ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ቅርቡንም ሩቁንም በአንድነት ለማሳየት ይረዳል፤ ጠርዞቹን ግን ያጎብጣል። ለሾፌር ዕይታ ጉብጠቱ አይከፋም፤ እንዲያውም ጠባቡን ጠረጴዛ ሰፊ አገር ያስመስለዋል። ለማቆያ ግን ርቀት መገመትን ያስቸግራል።

4. ለማቆያው የሚሆኑ ሦስት ዓይነቶች

የመጀመሪያው የመኪና የኋላ ማሳያ ካሜራ ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሱቅ ያውቀዋል። በ12 ቮልት ይሠራል፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በቢጫ ሶኬት ገመድ ከትንሽ ስክሪን ጋር ይገናኛል፣ መዘግየቱም የማይታወቅ ያህል ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። ሾፌሩ መስታወት የሚያይ እንዲመስለው ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጦ ያሳያል። እኔ ይህን ሳላስተውል ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ገባ ያልሁት ባቡር አምስተኛው ላይ ቆሞ የነበረውን ከኋላ ገጨው። በብዙዎቹ ካሜራዎች ገመድ ላይ ሁለት ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች አሉ። አንዱ ሲቆረጥ ግልባጩ ይቀራል፤ ሌላው ሲቆረጥ ለመኪና ማቆሚያ የሚሳሉት ባለ ቀለም መስመሮች ይጠፋሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ወረቀት ይነግርዎታል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያነቡ አይቁረጡ፣ አይጣሉትም።

ሁለተኛው ቧንቧና ሞተር ውስጥ ለማየት የሚሠራው ባለ ረጅም ገመድ ካሜራ፣ ኢንዶስኮፕ የሚባለው ነው። ራሱ 5.5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር በጠረጴዛው ጣውላ ላይ በመሰርሰሪያ በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። ጫፉ ላይ የራሱ መብራት አለው፤ ጥርት አድርጎ የሚያሳየውም በ3 እና በ8 ሴንቲ ሜትር መካከል ነው። ማቆያውን በሙሉ እንዲያሳይዎት አይጠብቁ። አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የሐዲድ መቀያየሪያው በትክክል መዘጋቱን ወይም ሁለት ፉርጎዎች መያያዛቸውን ለማየት ግን የሚወዳደረው የለም። በዩ ኤስ ቢ የሚሰካው ዓይነት ከኮምፒውተርና ከብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ጋር ይሠራል፤ ስልክዎ አይፎን ከሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ሦስተኛው ሱቆች የሚጠቀሙበት ባለ ገመድ የጥበቃ ካሜራ ከነመቅጃው ነው። አራት ካሜራ የሚቀበል መቅጃ አራቱንም በአንድ ስክሪን ላይ ይከፍልልዎታል። ማቆያዎ ረጅም ከሆነና ሁለት ጫፍ ካለው ይህን ይምረጡ። ለአንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ ግን ጣጣው ይበዛል።

5. የሚጓዘው፦ መጀመሪያ ፉርጎውን ይለኩ

3 ሜትር ስፋት ያለው ፉርጎ በኤች ኦ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የግድግዳውን ውፍረት ሲቀንሱለት ውስጡ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርለታል። በኤን ጠቅላላ ስፋቱ ራሱ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1:48 ደግሞ 62 ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይዘው ወደ ገበያ ይውጡ፤ አብዛኛው ዕቃ እዚያው ይጣራል።

ለምሳሌ ኢ ኤስ ፒ 32 ካም የሚባለው ርካሽ ሰሌዳ፣ ካሜራውና ዋይፋዩ በአንድ ላይ ሆነው፣ 27 በ40.5 ሚሊ ሜትር ነው። በኤች ኦ ፉርጎ ይገባል፤ በኤን አይታሰብም። ራስበሪ ፓይ ዜሮ 65 በ30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በኤች ኦ የሚገባው ግድግዳውን እየላገ ነው። በኤን የሚጫወት ሰው ትንሿን የኤፍ ፒ ቪ ካሜራ ክፍት ፉርጎ ላይ እንደ ጭነት ጭኖ፣ ባትሪውን ተከታዩ ፉርጎ ላይ ማድረግ ይችላል። በኦ ደግሞ ቦታ ሞልቷል፤ ጭንቀቱ የለብዎትም።

የድሮውን የጅቡቲና የአዲስ አበባን መስመር በሞዴል ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለሆነ በኤች ኦ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሠራል። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 16.5 ሚሊ ሜትሩን ተራውን የኤች ኦ ሐዲድ ይጠቀማል። ባለ 1 ሜትር ሐዲድ ተሽከርካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጠበብ ስለሚሉ ለሽማንደፈር ወዳጆች ኢ ኤስ ፒ 32 ካም ራሱ በጭንቅ ነው የሚገባው። ሰሌዳውን ሳይሆን የፉርጎውን ውስጥ በሜትር ይዘው ይለኩ።

ከኤፍ ፒ ቪና ከኢ ኤስ ፒ 32 ካም የቱን ልምረጥ ለሚሉኝ መልሴ እንደ ዓላማው ይለያያል። ለመንዳት ከሆነ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራው ኤፍ ፒ ቪ ይሻላል። ምስሉ ሻካራ ነው፣ አልፎ አልፎ በረዶ ይወርድበታል፣ ግን ወዲያው ይደርሳል። ኃይሉን 25 ሚሊ ዋት ላይ ያድርጉት፤ ለአንድ ክፍል ይበቃል። 200 ሚሊ ዋት የሚልከው በጣም ስለሚሞቅ የፉርጎውን ጣሪያ ያጣምማል፤ ድሮን ላይ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ፉርጎ ውስጥ ነፋስ የለም። አንቴናው ሳይሰካ ኤሌክትሪክ አይስጡት፤ አስተላላፊው ሊቃጠል ይችላል። በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ አብዛኞቹ እነዚህ አስተላላፊዎች የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ እንደሚጠይቁ እወቁ።

ለማሳየትና ለመቅረጽ ከሆነ ኢ ኤስ ፒ 32 ካም ገንዘብ ይቆጥባል። ሁለት ሜጋ ፒክስል ቢኖረውም ምስሉን 640 በ480 ላይ ያውርዱት፤ አለዚያ እየተቆራረጠ ይመጣል። ፕሮግራም የሚጫንበት የዩ ኤስ ቢ ሰሌዳ አብሮት መሸጡን ያረጋግጡ፤ ብቻውን ከመጣ ኮምፒውተርዎ ላይ የሚሰኩበት ቀዳዳ የለውም። ሐምቡርግ ያለው ግዙፉ የኤች ኦ ዓለም፣ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጉግል ጋር ሆኖ ጥቃቅን ካሜራዎችን በትንንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ አስሮ መንገዶቹንና ሐዲዶቹን ቀርጿል። እዚያም የተፈለገው ውበት እንጂ ፍጥነት አልነበረም።

የሌንሱን ከፍታም አይርሱ። የሾፌር ዓይን ከሐዲዱ በላይ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ በኤች ኦ 34 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጉት ከድሮን የታየ ይመስላል።

6. ኤሌክትሪኩ

በዲ ሲ ሲ፣ ማለትም ትእዛዝ ለየባቡሩ በሐዲዱ በኩል በሚላክበት ዲጂታል ዘዴ፣ የምትሠሩ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ወደ 14 ቮልት የሚጠጋ ኃይል አለ። ከመንኮራኩሮቹ ወስዳችሁ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ በአራት ዳዮድ ድልድይ ታስተካክሉታላችሁ፣ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ መለወጫ ታስገባላችሁ፣ ሐዲዱ ላይ ያለ አቧራ ምስሉን እንዳያጠፋው 25 ቮልት የሚችል 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅም ዕቃ) ትጨምራላችሁ። ካፓሲተሩን እጅግ አታብዙት። ባቡሩ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መቆጣጠሪያው አጭር ዙር የተፈጠረ መስሎት ሊዘጋ ይችላል።

ፍጥነቱ በቮልቴጅ በሚስተካከልበት በድሮው ዘዴ ግን ባቡሩ ሲቆም ኃይሉም ይጠፋል፤ ያኔ ባትሪ ግድ ነው። አንድ ክፍል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ 3.3 ሲደርስ ያቁሙት። 300 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ካሜራ ከ500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ጋር በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሠራል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ብለው ይቁጠሩት። ኢ ኤስ ፒ 32 ካም 5 ቮልት ስለሚፈልግ ከፍ የሚያደርግ መለወጫ ይጠይቃል። ባትሪውን ሲሞሉ ከፉርጎው አውጥተው ሸክላ ነገር ላይ ያድርጉት፤ ተኝተውም አይሙሉት።

7. ተራራው ውስጥ ያለው ሽቦ

ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ሲሞከር ጥሩ ሠርቶ ዋሻ ሲገባ ከጠፋ ጥፋቱን ካሜራው ላይ አይፈልጉ። ተራራውን በሽቦ ወንፊትና በጀሶ ከሠሩት የሬዲዮ ሞገድ የማያልፍበት ጎጆ ሠርተዋል። 5.8 ጊጋ ኸርዝ ከ2.4 ይልቅ በእንቅፋት ይሸነፋል። መፍትሔው መቀበያውን ወይም አንቴናውን በገመድ ወደ ዋሻው አፍ ማቅረብ ነው። ገና የሚሠሩ ከሆነ በሽቦው ፈንታ ካርቶን ወይም ፎም ይጠቀሙ። ከብረት የተሠራ ፉርጎም ያው ነው፤ አንቴናው ከጣሪያው ውጭ ይውጣ። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሲበራ ምስሉ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ይወቅ።

8. መብራትና አተካከል

ካሜራው የራሱ የኢንፍራሬድ መብራት ካለው ለማቆያ አያብሩት። ቅርብ ያለው ፉርጎ ነጭ እሳት ይሆናል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ባቡር መድረሱን በኢንፍራሬድ የሚለዩ ዳሳሾች ካሉዎት ያታልላቸዋል። የ12 ቮልት ኤል ኢ ዲ ሪባን ከካሜራው በስተኋላ ወይም ከሐዲዶቹ በላይ ይለጥፉ፤ ብርሃኑ ወደ ሌንሱ አይመልከት።

ካሜራውን በሐዲዶቹ መጨረሻ በኩል፣ ባቡሮቹ ወደ እሱ እንዲመጡ አድርገው ይትከሉት። ከጎን ከተተከለ የመጀመሪያው ባቡር የቀሩትን ይሸፍናቸዋል። ሌንሱን ለመጥረግ እጅዎ የሚደርስበት ይሁን፤ ጠረጴዛ ሥር አቧራ አይጠፋም።

ከዚያ አንድ ባቡር አስገብተው የመጨረሻው ፉርጎ ከመቀያየሪያው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ያቁሙት። ስክሪኑን ይመልከቱና የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ያለበት ቦታ ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጥፉ። በእኔ ስክሪን ላይ ለስድስቱ ሐዲዶች ስድስት ቁራጭ ተለጥፏል። ካሜራው ትንሽ ቢነካ ስድስቱም ውሸት ስለሚሆኑ፣ በሙጫ ጀምሬው የነበረውን ካሜራ ኋላ በሁለት ብሎን አሰርሁት።